ሥዕልን ከጀርባው የምታውቅ ልጅ

ይህችን ልጅ በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሚያገናኘን ግድግዳ ነው። የአባቷ የፍሬም መሥሪያ ሱቅና እኔ ኮፒ የማነሳባት፣ ጽሑፍ የምተይብባት ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳው ስስ ነው። እነሱ ዘንድ መዶሻ ሲያርፍ እኔ ዘንድ እስክሪብቶ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ልጅቷ ስታድግ የሰማሁት በዚያው በኩል ነው፤ ስታነብ፣ ስትስቅ፣ ከአባቷ ጋር ስትከራከር። ሰውን በግድግዳ ማወቅ ማወቅ ከተባለ አውቃታለሁ። ይህን ታሪክ ከእኔ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ግን የነገረችው ለእኔ ሆነና እኔው ልሞክረው።

በሰፈሩ የምትጠራው ውሃ ልክ በሚል ቅጽል ነው። ውሃ ልክ ግንበኛና አናጢ ነገር መዝመም አለመዝመሙን የሚለኩበት፣ በመስታወቱ ውስጥ አረፋ ወዲያ ወዲህ የምትልበት መሣሪያ ነው። ልጅቷ ገና የጠረጴዛው ቁመት ሳትደርስ በር ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ የግራው ወርዷል» ትል ነበር። አባቷ መሣሪያውን ያመጣና ይለካል፤ የግራው ወርዶ ይገኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ መለካቱን ተወው። ደንበኛም ለመደና፣ «ውሃ ልክ የለችም? እንግዲያው ነገ እመለሳለሁ» ማለት መጣ።

በዚያ ሱቅ አንድ ደንብ አለ። ሰው ወደ ፍሬም ሠሪ ይዞ የሚመጣው ቀላል ነገር አይደለም። የሠርግ ፎቶ ያመጣል፤ የሞተ ሰው ፎቶ ያመጣል፤ ከተኳረፈው ልጁ ጋር የተነሣውን ያመጣል። አባቷ ይህን ሁሉ የሰው ጓዳ ነው ይላል። ስለዚህ ሥዕልም ይሁን ፎቶ፣ እንደገባ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋው ግራጫ ብርድ ልብስ ላይ በግንባሩ ይደፋል፤ የሚለካው፣ የሚመታው፣ የሚታሸገው ከጀርባው ነው። «ፊቱ የባለቤቱ ነው፤ የእኛ ማዕዘኑ ነው» ይላል። አንዲት እናት የልጇን የምርቃት ፎቶ ልትወስድ መጥታ፣ «አታምርም ልጄ?» ብትለው፣ «ማዕዘኗ ያምራል» ብሎ መልሶላታል። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ ብርድ ልብሱ ይራገፍና ይታጠፋል። እናቷ በሕይወት ሳለች የሚያጥፉት ባልና ሚስቱ ነበሩ፤ እሷ ስታርፍ ልጅቷ በእናቷ ጫፍ ገባች። አንዱ አንዱን ጫፍ ይይዝና እስኪወጠር ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ተጠጋግተው ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ። በራፌ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ሲያጥፉ አይነጋገሩም።

ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ በሚገባው ካርቶን ላይ ስትሞነጫጭር አድጋ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተፈትና አለፈች። አባቷ ያን ቀን ለረዥም ጊዜ ሙጫ ሲያማስል ቆየና፣ «ጀርባውን አስተምሬሻለሁ፤ ፊቱን ደግሞ እነሱ ያስተምሩሽ» አላት። ትምህርቱ እስከ ማታ ስለሚያቆያት ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብሱን ብቻውን ያጥፈው ጀመር። አንዱን ጫፍ በአገጩ ይዞ፣ በደረቱ ላይ። እንዲያ ሲታጠፍ አያምርም፤ ያብጣል።

ችግሩ የመጣው በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። መምህሯ ተማሪዎቹን ሙዚየም እየዞሩ ሥዕል እንዲያዩና የተሰማቸውን እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። በመጨረሻም ትልቁ ሙዚየም ውስጥ፣ እያንዳንዱ በመረጠው ሥዕል ፊት ቆሞ፣ ሥዕሉ ምን እንዳደረገው ለክፍሉ ይናገራል።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ የተየብኩላት እኔ ነኝ። እሷ ትላለች፣ እኔ እተይባለሁ።

«በመጀመሪያው ሙዚየም ያሉት ፍሬሞች ወርቅ ቅብ ናቸው» አለች። «የአንዱ ማዕዘን ተከፍቶ በስቱኮ ተሞልቷል። ነጥብ።»

«ነጥብ» አልኩ።

«በሁለተኛው ሙዚየም ውስጥ የባሕር ሥዕል አለ። ፍሬሙን ነቀዝ በልቶታል።»  ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ ጠበቅኋት። «እትዬ፣ ይሄን አይጻፉት። እዚያ ሥዕል ፊት አንዲት ሴትዮ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። አለቀሰች። ምን አይታ ነው ብዬ በጀርባዋ ዞሬ አየሁ። እሷ ያየችው ባሕሩን ነው፤ እኔ ያየሁት ነቀዙን። ምን ሆኜ ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት።  እኔ ሙዚየም የገባሁት ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ነው፤ የማስታውሰውም መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፎ እንደነበር ነው።

«የክፍል ጓደኞቼኮ አንዱ ዝምታው ዋጠኝ ይላል፤ አንዷ ቀዩ ቀለም ጠራኝ ትላለች። እኔን የዋጠኝም የጠራኝም የለም። ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል ወይስ ጠሟል፣ እሱን አያለሁ። ቀጥ ካለ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።»

ጽሑፉን ይዛ ሄደች። መምህሯ ካነበበች በኋላ አስጠርታት፣ ሳትቆጣ፣ «ይሄ የዕቃ ርክክብ ነው» አለቻት። «የሥዕሉን ቤት ዙሪያውን አሳየሽኝ፤ ሰው አለ ብዬ ባንኳኳ የሚከፍት አጣሁ። በትልቁ ሙዚየም አንድ ዕድል አለሽ። ያኔም እንዲህ ከሆነ፣ ሌላ ሙያ ብታስቢ ለራስሽ ይሻልሻል።»

ልጅቷ ለአባቷ አልነገረችውም። ለእኔ የነገረችኝ ኮፒ ልታስነሳ መጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ግድግዳው ስስ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ትልቁ ሙዚየም የገባችው ዝናብ ባለበት ከሰዓት በኋላ ነው። ድሮ ፍርድ ቤት የነበረ ሕንፃ ነው፤ ደረጃው ሰፊ፣ ጣሪያው ሩቅ። ከክፍል ክፍል ዞረች፤ ሁሉም ቀጥ ብሏል፤ ሁሉንም አለፈች። በላይኛው ፎቅ የመጨረሻዋ ክፍል ስትደርስ ከአንድ አረጋዊ ጠባቂ በቀር ማንም የለም። ጠባቂው ወንበሩ ላይ ሆኖ አንዱን ጫማ በግማሽ አውልቆ እግሩን ያሳርፋል። ፊት ለፊት በቀላል እንጨት ፍሬም የተሰቀለ መካከለኛ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ጠሟል፤ የቀኙ ወርዷል።

«ልተወው ብዬ ነበር» አለችኝ። «ሁለቴ ክፍሉን ዞርኩ። ግን ጥርስ ውስጥ የገባ ነገር ይመስላል፣ አይተዉትም። ከዚያ እጄ ሄደ። እኔ አልሄድኩም፤ እጄ ነው የሄደው።»

የፍሬሙን የቀኝ ታች በሁለት ጣት ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። ቀጥ አለ። ከግድግዳው ውስጥ ስስ ደወል ጮኸ።

ጠባቂው ጫማውን ሳያስገባ ተነሣ። «የእኔ እመቤት፣ ቤትሽ መሰለሽ?»

«ጠሞ ነበር።»

«ጠሞ ነበር። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ጠጉሬ ሸበተ፤ አንቺ ዛሬ መጥተሽ ጠሞ ነበር።»

«አባቴ ፍሬም ሠሪ ነው።»

«የእኔም አባት ጫማ ሠሪ ነበር። የመንገደኛ ጫማ እየሳብኩ ግን አላወልቅም።»

የተማሪነት መታወቂያዋንና ቦርሳዋን ተቀብሎ፣ ደወሉን አጥፍቶ፣ ለሙዚየሙ ኃላፊ ስልክ ደወለ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ነበረች። ልጅቷ ምን እንደሚደረግባት ስትጠይቀው አልዋሻትም፤ ሥዕል የነካ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ይጻፍበታል፣ ሁለተኛም ወደዚህ ሙዚየም አይገባም፣ ደንቡ ይኸው ነው። ፈተናው ደግሞ እዚሁ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ያውም በሚቀጥለው ሳምንት። 

«እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጪ» አላት ጠባቂው። «አይ፣ ወዲህ አይደለም፤ ከሥዕሉ ፊት። አንቺንም እሱንም በአንድ ዓይን ልይ። ሁለት ቦታ የሚያይ አንገት የለኝም።»

ተቀመጠች። እንደ ልማዷ ፍሬሙን አየች። ማዕዘኑ ጥብቅ ነው፤ እንጨቱ ጤነኛ፣ መስታወት የለውም። አሁን ቀጥ ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥታ ወደሚቀጥለው ትሄድ ነበር፤ አሁን ግን መነሣት የለም።

«ፍሬሙ አለቀብኝ እትዬ» አለችኝ ስትነግረኝ። «እንጨቱን አይቼ ጨረስኩ፤ ስብሰባው አላለቀም።»

ወደ ውስጥ ልታይ አለችና አፈረች። የሰው ቤት በመስኮት እንዳየ ሰው ሆነች። ወለሉን አየች፤ ጣሪያውን አየች፤ በመጨረሻ ጠባቂውን አየችው።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አላት። «እሱን እይ። እሱኮ የተሰቀለው እንዲታይ ነው። እኔን እስከ ዛሬ ያየኝ የለም፤ አልለመድኩትም።»

ነገሩ ቀልድ ነው። እሷ ግን ስትነግረኝ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ የተሰቀለው እንዲታይ ነው። በአባቷ ቤት ሥዕል ሁሉ ተደፍቶ ይሠራል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሄዳል። ሄዶ የሚሰቀልበትን ቤት አይታ አታውቅም። ለካ እዚያ ሲደርስ ባለቤቱ ራሱ ወደ ሰው ያዞረዋል።

አየች። መስኮት አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ፊቷ በግማሽ ወደ ብርሃኑ ዞሯል። ትልቅ አንሶላ እያጠፈች ነው። የአንሶላውን ሁለት ጫፍ በሁለት እጇ ይዛለች፤ አንሶላው ተወጥሮ ሥዕሉን አቋርጦ እስከ ግራው ዳር ይሄዳል። ግራው ዳር ላይ፣ ፍሬሙ ሊጀምር ሲል፣ ሌላውን ጫፍ የያዙ ሁለት እጆች አሉ። እጆች ብቻ። ከእጅ አንጓ ወዲያ ፍሬሙ ቆርጦታል።

ልጅቷ እነዚያን እጆች እያየች ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ስብሰባው ሲያልቅ ቅር አላት፤ ይህን ያህል ነው የማውቀው።

ኃላፊዋ የመጣችው በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በአንድ እጇ ውሃ ልክ ይዛ ነው። ልጅቷ መሣሪያውን ስታይ ደስ አላት፤ አሁን እውነቱ ይወጣል አለች በልቧ። ኃላፊዋ ሰላምታም ሳትሰጥ ውሃ ልኩን በፍሬሙ አናት ላይ አስቀመጠችው። አረፋዋ ከመሀል ሸሽታ ወደ ቀኝ ሄደች።

«የቀኙን ከፍ አድርገሽዋል» አለች ኃላፊዋ።

«ወርዶ ነበር እኮ።»

«አልወረደም። ነይ፣ ራስሽ እዪው።» ፍሬሙን ቀስ አድርጋ ወደ ነበረበት መለሰችው። አረፋዋም ተመልሳ መሀል ላይ ቆመች። ሥዕሉ ግን ለዓይን እንደገና ጠመመ። «ይሄ ሕንፃ በአንድ ወገን ሰጥሟል። ወለሉ ዘሟል፤ ጣሪያውም አብሮት ዘሟል። እዚህ ክፍል ውስጥ ቀጥ ያለው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው የጠመመ የሚመስለው። የሚገባ ሁሉ ጠሟል ይለናል። እጁን የላከ ግን አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። ውሃ ልኩን አየች። ስሟን የሰጣት መሣሪያ መስክሮባታል። አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ሳቁ አመለጣት። ለምን እንደሳቀች ለኃላፊዋ ማስረዳት ነበረባትና ሁሉንም ተናገረች፤ ቅጽል ስሟን፣ ብርድ ልብሱን፣ ማዕዘኑን፣ ፈተናውን። ጠባቂው «ውሃ ልክ!» ብሎ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ኃላፊዋ መሣሪያውን እያገላበጠች፣ «ይሄኛው እንኳ ደወል አስደውሎ አያውቅም» አለች። ከዚያ ሥዕሉን ጠጋ ብላ ዙሪያውን መረመረች። ቀለሙ አልተነካም፤ መንጠቆውም እንዳለ ነው።

«ደንቡ የተጻፈው ለተንኮለኛ ነው» አለች በመጨረሻ። መታወቂያዋንና ቦርሳዋንም ከጠባቂው ተቀብላ መለሰችላት። «ለፈተናሽ ነይ። እጅሽን ግን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ።»

«ኪስ የሌለው ቀሚስ እንዳትለብሺ» አለ ጠባቂው።

በዝናቡ በስብሳ ክፍሌ ስትገባ ክፉ ነገር የደረሰባት መስሎኝ ነበር። ከጠጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ ትስቃለች። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም። ቆማ እንዳለች ነው ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ የነገረችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግም ያን ቀን ረሳች። ስትጨርስ ከግድግዳው ወዲያ መዶሻው ቆሞ ነበር።

«ውሃ ልክ ተሳሳተች?» አለ ግድግዳው።

ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ ግድግዳው። «ተሳሳትኩ አባዬ» አለች።

 «ተመስገን» አለ አባቷ። «በዚህ ቤት የሚሳሳት እኔ ብቻ መስሎኝ ብቻዬን ስሸማቀቅ ነበር።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ሌላ ሙያ አስቢ አለችሽ ያቺ መምህርት? ሰምቻለሁኮ። ይሄ ግድግዳ ወረቀት ነው። እስክትነግሪኝ ብጠብቅ ጊዜ አለፈ።»

«ላሳዝንህ አልፈለግኩም።»

«ጀርባውን ያየሽ ልጅ ፊቱ አያቅትሽም» አለና መዶሻው ቀጠለ።

በፈተናው ቀን ካፖርት ለብሳ፣ ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ሄደች። እኔ አልነበርኩም፤ ከእሷው ነው የሰማሁት። ጠባቂው ከወንበሩ ሆኖ ኪሷን ሲያይ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የእሷ ተራ ሲደርስ ስለ ፍሬሙ አንድም ቃል አላወራችም ማለት አይቻልም፤ የጀመረችው ከእሱ ነው። እኔ ፍሬም ማለት የሥዕል ማለቂያ ይመስለኝ ነበር አለች። እዚህ ላይ ያቆማል፣ እዚህ ላይ ይመታል፣ በቃ። እነዚህን እጆች ግን እዩአቸው አለች። የእጆቹ ባለቤት፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ፣ ከእንጨቱ ወዲያ ቆማለች፤ ለእኛ አትታየንም እንጂ ለዚህችኛዋ ትታያታለች። ባትኖርማ ኖሮ አንሶላው መሬት ይወድቅ ነበር። የተወጠረው ስለያዘችው ነው። 

 ያ ዝምታው ዋጠኝ የሚለው ልጅ እንኳ ዝም አለ።

መምህሯ ሥዕሉን ቆማ አየችው፤ ልጅቷን አየቻት። «ባለፈው ባንኳኳ የሚከፍት አጣሁ ብዬሽ ነበር» አለች። «ዛሬ ተከፍቶልኛል። አልፈሻል።» ቀጥላም ለቀረው ተማሪ፣ «ሥዕሉስ ለምንድን ነው እንዲህ የጠመመው?» ስትል ጠባቂው ሳቁን በማሳል ሸፈነ።

ያን ማታ ልጅቷ ቀድማ ገባች። እኔ መብራቴን አጥፍቼ በሬን ልቆልፍ ወጥቻለሁ። የእነሱ በር ክፍት ነው። ከሙዚየሙ የገዛችው የዚያ ሥዕል ትንሽ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ፊቱ ወደ ላይ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ ላይ ያደረገ ነገር ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አባቷም አንሥቶ አልደፋውም። ጠረጴዛውን ለማራገፍ ሲል ካርዱን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ አነሣውና መደርደሪያው ላይ፣ ከሙጫው ቆርቆሮ አጠገብ አቆመው። ከዚያ ብርድ ልብሱን አራገፈ፤ አንዱን ጫፍ በአገጩ ሊይዝ ጎንበስ አለ።

«ቆይ አባዬ፣ ልምጣ» አለች ልጅቷ። እጇን እየታጠበች ነበር።

እኔ ብዙ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ለመጠየቅ ቀርቶ፣ የተጠየቅኩትን ለመመለስም ጊዜ እፈልጋለሁ። ግን ካርዱን ሳየው አላስችል አለኝ። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች በአጠገቤ ስታልፍ፣ አባቷ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ፣ «እነዚያ እጆች የማን መሰሉሽ?» አልኳት።

ቆመች። ካርዱን አየች፤ ብርድ ልብሱን ይዞ የሚጠብቃትን አባቷን አየች። እንደተቀየመች ፈርቼ ነበር፤ አልተቀየመችም፤ ፈገግ አለች።

«እሱን እንኳ ይተዉልኝ እትዬ» አለችና ሄዳ የብርድ ልብሱን ሌላውን ጫፍ ያዘች።